ዝንብን መቅደም

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 12። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም፤ ከተማው ግን ጭስ በጭስ ሆኗል። ኅዳር እየታጠነ ነው። የየሰፈሩ ሰው የደጁን ጥራጊ አንድ ላይ ከምሮ ለኩሶታል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ከጥራጊ ክምር እንደማይነሣ ዛሬ እናውቃለን። ዝንብ ግን ይነሣል፤ እኔም ቀኑን የምወደው ለዚህ ነው።

ቅር የሚለኝ በዓመት አንዴ መሆኑ ነው። የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ እስከ 500። በሙቀት ወቅት እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ትሉም አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። እንዲህ ባለ ብርድ ደግሞ ሳምንታት ይፈጅበታል። ዛሬ የተቃጠለው ቦታ ላይ ነገ አዲስ ጥራጊ ከተጣለና ሳይነሣ ከከረመ ምን ፋይዳ አለው? የሱቁ ፍሊትም ያው ነው፤ የበረረውን ይገድላል እንጂ በክምሩ ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም። ለዲዲቲም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማብቂያ ስዊድንና ጣሊያን ውስጥ የማይበገሩ ዝንቦች ተገኝተዋል፤ መድኃኒቱ በሰፊው ከተሠራበት ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር።

ከከተማው ወጥቼ፣ በአንኮበር መንገድ ዳር። አንዲት እናት የሌሊቱን እበት ከበረት ጠርገው፣ ከጭድ ጋር ለውሰው፣ በመዳፋቸው ሳሳ እያደረጉ ድንጋዩ ካብ ላይ ይለጥፋሉ።

«በየቀኑ ነው እማማ?»

«ውሎ ካደረማ ይተላል ልጄ። የተላ እበት ደግሞ እሳት አይሆንም።»

እሳቸው የሚያስቡት ስለ ማገዶ ነው። ሥራቸው ግን እኔ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ የዝንብ መከላከያ ነው። ትል ያለ እርጥበት አይኖርም፤ በስሱ ተጠፍጥፎ ፀሐይና ነፋስ ያገኘው እበት ደግሞ ትሉ ሳያድግ ይደርቃል። የሚያስቆጨኝ ኩበቱ ሲነድ የገብሱ ማሳ ፍጉን ማጣቱ ነው። እበቱን ተዘግቶ ወደሚብላላበት የባዮጋዝ ጉድጓድ ማስገባት የቻለ ቤት እሳቱንም ፍጉንም ያገኛል፤ ዝንቧም የምትጥልበት ታጣለች። ለዚያ ግን ከብትም፣ ውኃም፣ ገንዘብም ያስፈልጋል።

አንኮበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚካኤል ዕለት ነውና መንገዱ ነጭ ለብሷል። ሽማግሌዎቹ ጭራቸውን ይዘዋል፤ በዚህ ብርድ ግን ብዙም ሥራ የለውም።

አልዩ አምባ፣ በማግሥቱ። ቁልቁለቱን ወርጄ የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ ገበያ ስደርስ ሙቀቱም ዝንቡም ተቀበለኝ። እዚህ የሕፃናቱን ፊት አየሁ። ዓይን ላይ የምታርፈው በአብዛኛው የቤት ዝንቧ ሳትሆን እኅቷ፣ ሙስካ ሶርቤንስ የሚሏት ናት። ይቺኛዋ ከሁሉ አብልጣ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። የትራኮማን ተህዋስ ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምት እሷ ናት፤ አማራ ክልል ደግሞ በዓለም ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ገጠር ውስጥ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችን ያየ ሰው ዝንብን እንደ ቀላል ነገር አይቆጥርም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጋምቢያ ጥናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ መድኃኒት በተረጨበት መንደር በ88 በመቶ፣ ሽንት ቤት በተሠራበት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሽንት ቤት ብቻውን ይበቃል የሚል ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። እኔ ግን አሁንም ሽንት ቤቱን እመርጣለሁ። ርጭቱ መደጋገም አለበት፤ የሚረጨው ሰው ከቀረ ዝንቡ ይመለሳል። ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው። የልጆቹን ፊት በየቀኑ ማጠብ ሲታከልበት ደግሞ ዝንቧን የሚስበው የዓይን ማርም ይጠፋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቱቦ ያለው ሽንት ቤት አሳየችኝ። የዚህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው፤ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ዝንቡ ብርሃን ተከትሎ በቱቦው ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ ባለው ወንፊት ታግዶ ይሞታል። የዚህኛው ወንፊት ተቀዷል። ባለቤቱ መሰላል ሊዋሱ ሄዱ፤ እሷም እስኪመለሱ ድረስ አመድ የት መቀመጥ እንዳለበት ለልጆቻቸው ታሳያለች።