በሮም የተከራየነው ክፍል



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ መጥፎ የእንግዳ ማረፊያ ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ቅሬታችንን ብቻ ለመጻፍ ነበር። ሳንጨርሰው ግን ክሱ ዞሮ እኛው ላይ መጣ። ስለዚህ ሁለቱንም እንደ ሆነው እንነግራችኋለን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ከሁለት ልጆቻችን ጋር ፍራንክፈርት አካባቢ እንኖራለን። በተጋባን በ12ኛው ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ብቻ፣ ለአራት ሌሊት ወደ ሮም ለመሄድ ወሰንን። ልጆቹን አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ተረከበችልን። የአውሮፕላን ትኬቱ ርካሽ ነበር፤ የከበደን ማደሪያው ነው። በነሐሴ ወር ደህና የሚባለው ሆቴል ሁሉ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። በኢንተርኔት ስንፈልግ ቆይተን በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በሌሊት 70 ዩሮ የሚያስከፍል ትንሽ ማረፊያ አገኘን። ፎቶው ላይ ነጭ አንሶላና ሰፊ መስኮት ይታያል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ቢሰረዝ ገንዘቡ አይመለስም የሚል ተጽፎበት ነበር፤ እኛም ማን ይሰርዘዋል ብለን ከፈልን። ክፍሉን ከሁለታችን ማን እንደ መረጠው እዚህ አንጽፍም። በዚያች ሌሊት ግን በሚገባ ተነጋግረንበታል።

አውሮፕላኑ ዘግይቶ ስለነበር የደረስነው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። በቴርሚኒ ዙሪያ ባሉት አሮጌ ሕንጻዎች በአንዱ ሕንጻ ውስጥ በየፎቁ የተለያየ ማረፊያ ማግኘት የተለመደ ነው። የእኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሻንጣችንን ተሸክመን ወጣን። አንድ ወጣት ዓይኑን እያሸ በሩን ከፈተልንና ፓስፖርታችንን ተቀበለን። የከተማውን የእንግዳ ግብር በጥሬ ገንዘብ ጠየቀን። ይህ በሮም የሚያድር እንግዳ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የሚከፍለው ስለሆነ አልገረመንም። ቀጥሎ ግን የአየር ማቀዝቀዣው በቀን አሥር ዩሮ ነው አለን።

ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ እርጥብ ልብስ አየር በሌለበት ቤት ሲቆይ የሚያመጣው ዓይነት ሽታ። የሻወሩ ውኃ ወደ መኝታው ይፈሳል። አልጋው መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። በፎቶው ላይ የነበረው ሰፊ መስኮት የለም። ያለው ከክንድ የማይሰፋ መስኮት ነው፤ ስንከፍተው እጃችን የሚደርስበት ግድግዳ አገኘን። ለአየር ተብሎ በሕንጻው መሐል የተተወ ጨለማ ጉድጓድ ነበር። ጉልላቱ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ወደ ወጣቱ ተመለስን። በጉባኤ ፊት ቆመን ጸሎት የምንመራ ሰዎች በዚያች ሌሊት የተናገርነውን ብትሰሙ ታዝኑብን ነበር። «ሌባ» አልነው። «ይህ ክፍል ሰው የሚያድርበት አይደለም» አልነው። እሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሌላ ክፍል እንደሌለና ባለቤቱ ጠዋት እንደሚመጣ ነገረን። በሩን ዘግተን ገባንና እርስ በርስ ተያያዝን። «ርካሽ ይሁን ያለው ማን ነው?» «ፎቶውን አይቶ የተደሰተውስ ማን ነው?» ተባባልን። የጋብቻ በዓላችንን ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ተኝተን አከበርነው። አልጋው ግን ጎድጓዳ ስለሆነ እየመለሰ መሐል ላይ ያገናኘን ነበር።

ማለዳ ውኃ ፍለጋ ስንወጣ ኮሪደሩ ተዘግቶ አገኘነው። ያ ወጣት ከባንኮኒው ጀርባ በታጣፊ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እግሩ መተላለፊያው ላይ ወጥቷል። ማራገቢያ እንኳ የለውም። የእኛ ክፍል ደህና መስኮት ባይኖረው በር ነበረው፤ የእሱ መኝታ ግን በርም የለው። ደንግጦ ነቃ፤ አልጋውን እያጠፈ «ይቅርታ» አለን። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። ጠየቅነውም፤ ግን «ይቅርታ፣ ክፍሉ ግን...» የሚል ይቅርታ ነበር። እንዲህ ያለውን ይቅርታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ባለቤቱ ረፈድ አድርጎ መጣ። የማቀዝቀዣውን ሒሳብ ተወልን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አላደረገም። ቁርስ ተብሎ የተጻፈውም ከሕንጻው ሥር ባለው ቡና ቤት አንድ ቡናና አንድ ኮርኔቶ የሚያሰጥ ቁራጭ ወረቀት ሆኖ ተገኘ።

ከክፍሉ ለመሸሽ ስንል ቀኑን ሙሉ በእግር እንዞር ነበር። ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ከወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። ዛሬ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራ ስናገኝ ትንሽ ተጽናናን። ውኃ ሲጠማን ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከቆሙት የብረት ቧንቧዎች ጠጣን። ሮማውያን «ናሶኒ» ይሏቸዋል፤ ትልልቅ አፍንጫዎች ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ለመጣው ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል፤ እኛ ስፍራውን ብቻ ማየት ፈልገን ነበር። እዚያ ቆመን ስናነብ ግን ሌላ ነገር አገኘን፤ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ከሮም የሚነሳው ከዚያው ከፖርታ ካፔና በር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ከተማዋ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ እንደምናነበው፣ በሮም የነበሩት ወንድሞች መምጣቱን ሰምተው ሊቀበሉት ወጡ። ከፊሎቹ ሦስት ማደሪያ እስከሚባለው ስፍራ ደረሱ። ያ ስፍራ ከሮም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በእግር ቢሆን ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። የሚቀበሉትም ሰንሰለት ያለበትን ሰው ነው። ሉቃስ እንደጻፈልን፣ ጳውሎስ እነርሱን ሲያይ በረታ። ከዓመታት በፊት በጻፈላቸው መልእክት፣ በምዕራፍ 12፣ እንግዳ እንዲቀበሉ መክሯቸው ነበር። እነርሱም ምክሩን ከወረቀት አውጥተው በመንገድ አሳዩት።

ልባችን ተነካ። «እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር» አለ ከሁለታችን አንዳችን። ሌላችን ዝም አለ።

ዝምታው ለምን እንደ ሆነ ማታ ታወቀ። መብራት አጥፍተን ተኝተን ሳለ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። የኬለራችን ሽታ ነው።»

ጀርመን ላልኖራችሁ፣ ኬለር ማለት ከቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በሊቢያና በባሕር አልፎ የመጣ አንድ ወጣት ወንድም ወደ ጉባኤያችን መጣ። የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር፤ የሚከራይ ቤት ግን ማግኘት አልቻለም። እኛም «ምድር ቤታችን ውስጥ ክፍል አለን» አልን። ክፍሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ያለበትና ልብስ የምናሰጣበት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ስንጥቅ ናት፤ የምታሳየውም የቆመ መኪና ጎማ ነው። በወር 350 ዩሮ ተቀበልነው። «ለመብራትና ለማሞቂያ ነው» አልነው። ከመብራትና ከማሞቂያ በጣም ይበልጥ ነበር፤ የመኪናችንን ዕዳ የምንከፍለው በዚያ ነበር።

በጉባኤው ግን እንግዳ ተቀባዮች ተባልን። ስለ እንግዳ ተቀባይነት ምስክርነት እንድንሰጥ ተጋብዘን መድረክ ላይ ወጣን። እሱም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማን ነበር።

ስምንት ወር ኖረ። አንድ ቀን ብቻ፣ በክረምት፣ «ጋሼ፣ ልብሱን ሌላ ቦታ ብትሰቅሉት፤ ሌሊት ያስለኛል» አለ። «መስኮቷን ክፈታት» አልነው፤ ውጪ በረዶ ነበር። ሲለቅ ክፍሉን ጠርጎ፣ ወለሉን ወልውሎ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠንና መርቆን ሄደ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ረጅም ሰዓት ዝም ብለን ቆየን። ሌባ ብለን የሰደብነው ወጣት ኮሪደር ላይ የሚያድር ሠራተኛ ነበር። እኛ ደግሞ ባለቤቱን ነበር የምንመስለው።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንት ጊዜ ሰምተናል! በሉቃስ 10 ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ ካስታመመው በኋላ፣ በማግስቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያ በላይ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚሸፍን ቃል ገባ። አንድ ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ነበር ከማቴዎስ 20 እናውቃለን። ሳምራዊው የሁለት ቀን ደመወዙን ለቁስለኛው አወጣ። እኛ ከቁስለኛው ወሰድን፤ ወስደንም ሳምራውያን ተባልን።

ቤት ማከራየት ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በሮም ሁለት ዓመት በተከራየው ቤት ኖሯል፤ ያከራየው ሰው አልተወቀሰም። ክፋታችን ንግዱን ምሕረት ብለን መጥራታችን ነው። ምስክርነታችን የዚያ ማረፊያ ፎቶ ነበር፤ ነጭ አንሶላ፣ ሰፊ መስኮት፣ ጉልላት ያለበት። ክፍሉ ግን ሌላ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ለወጣቱ ከታች ቡና ይዘንለት ወጣንና «ግን» የሌለበት ይቅርታ ጠየቅነው። ጥቂት አየንና ሳቀ። «ዛሬ ሊፍቱ ይሠራል» አለን።

ከተመለስን በኋላ ለዚያ ወንድማችን ደወልን። አሁን ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። ቤቱ ጠራን። ይቅርታ ስንጠይቀው መጀመሪያ «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ» አለ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማሽኑ ሌሊት ሲዞር የጀልባው ሞተር ይመስለኝ ነበር» አለን። ልብስ በሌሊት የምናጥበው መብራት ስለሚረክስ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማሽኑ ለእሱ ምን ይመስለው እንደነበር አንድም ጊዜ አላሰብንም።

ከወጪው በላይ የወሰድነውን አስልተን በፖስታ ይዘንለት ሄደን ነበር፤ ተግደርድሮ በግድ ተቀበለ። በሳምንቱ ከገንዘቡ ጥቂቱን በባንክ መለሰልን። ማስታወሻው ላይ «ይህ በእውነት የማሞቂያው ነው» የሚል ጽፎበታል። ማናችን ባለዕዳ እንደ ነበርን ያኔ ይበልጥ ገባን።

መጋቢያችንን አስፈቅደን በዚያው መድረክ ላይ ቆመን የድሮውን ምስክርነታችንን አረምን። ይህንንም ስንጽፍ የወንድማችንን ፈቃድ ጠይቀናል። ለማረፊያውም አስተያየት ጽፈናል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ እንዳይታለሉ ፎቶው ከክፍሉ ጋር እንደማይገናኝ ተናግረናል። እውነቱን መናገር ተገቢ ነውና። የሌሊቱ ሠራተኛ ግን ትሑት ሰው መሆኑን ጨምረንበታል።

ወገኖች ሆይ፣ እንግዳ የምታሳድሩበት ወይም የምታከራዩት ክፍል ካላችሁ አንድ ሌሊት ራሳችሁ እደሩበት። መስኮቱን ክፈቱት፤ ሽታውን አሽትቱት፤ ሌሊት ምን እንደሚሰማ አዳምጡ። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችሁ ለጉባኤ ከመመስከራችሁ በፊትም እንግዳውን ጠይቁት።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ወደ አማኞች ቤት ገብታችሁ ፎቶውና ክፍሉ አልገጥም ብሏችሁ ከሆነ፣ ቅሬታችሁ እውነት ነው፤ አንከራከራችሁም። እኛ ያሳየናችሁን ክፍል አይታችሁ ግን ጌታን አትመዝኑት። እሱ ሲወለድ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ አልተገኘለትም፤ በእኛም ኬለር ውስጥ ከማን ጋር ያድር እንደነበር አሁን እናውቃለን።

ጌታ ሆይ፣ ደጃችን የቆመውን ሰው በአንተ ዓይን እንድናይ እርዳን። የሰጠነው ለአንተ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ራሳችን የምንመረምርበት ልብ ስጠን። አሜን።