እንቅልፍና የእንቅልፍ ኪኒን

እንቅልፍ የሥራ ፈት ጊዜ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ሰው ሲተኛ አካሉ ቢያርፍም አንጎሉ አያርፍም፤ ቀን የሰማውንና ያነበበውን እያጣራ የሚጠቅመውን ያኖራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 በአሜሪካ አገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሊቃውንት ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠንተው ቢፈትኗቸው፥ ነቅተው ከቆዩ በኋላ ካስታወሱት ይልቅ ተኝተው ሲነሡ ያስታወሱት በዝቶ ተገኘ።

በኪኒን የመጣ እንቅልፍስ እንዲሁ ነውን? ይህን እንድጠይቅ ያደረገችኝ ሆጤ ከእኛ ጋር የምትኖረው አክስቴ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላላት ሐኪም ዲያዜፓም አዘዘላት። አንድ ማታ ኪኒኑን ከዋጠች በኋላ ጎረቤታችን በር ቢያንኳኩ ተነሥታ ከፈተች፤ ስለ ዕድርም ብዙ ተነጋገሩ። በማግሥቱ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲቱንም አላስታወሰችም። «አእምሮዬን ልስት ነው» ብላም አለቀሰች።

ሐኪሙ ግን ምክንያቱን አስረድቶ አጽናናት። ዲያዜፓምና መሰሎቹ፥ የአንጎልን ሕዋሳት ጸጥ የሚያሰኘውን ጋባ የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያበረታሉ። ስለዚህ ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት የተጠናውን አይፍቀውም፤ ከተዋጠ በኋላ የሆነው ግን በአንጎል ሳይጻፍ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም ጥልቁን እንቅልፍ ያሳንሳል፤ ከአንድ ቀን በላይ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይም በማግሥቱ ያደነዝዛል።

ይህን የምጽፈው ስለ አክስቴ ብቻ አይደለም። በፈተና ሰሞን ጫት እየቃመ ሲያነብ የሚያመሽ፥ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለው ደግሞ ከዘመድ ኪኒን ለምኖ የሚውጥ ጓደኛ አይታጣም። ኪኒኑን ውጦ መጽሐፉን ቢገልጥ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ጧትም ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ከነድንዛዜው ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን በድንገት ማቋረጥ አደጋ ስላለው ሳታማክሩ አትተዉት። ነገር ግን ልጆች ከማያገኙት ስፍራ አኑሩት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኛ ደግሞ ትምህርታችንን ለፈተና ዋዜማ ሳናከማች በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እናጥና፤ ማታም በጊዜ እንተኛ። ያጠናነውን የሚያጸናልን እንቅልፍ ያለ ዋጋ የተሰጠን ነውና።