ረቡዕ፣ ባሕር ላይ

እናቴ መርከቡ ላይ የወጣችው ስድስት ሎሚ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። ሎሚውን የገዛነው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ቢሆንም ሐሳቡ የመጣው ከአባይ በረሃ ነው። ከደብረ ወርቅ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፤ በቢቸና አድርጎ ደጀን ከደረሰ በኋላ ቁልቁለቱን ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ሎሚ ያልያዘ ሰው አጠገብ መቀመጥ አያስተማምንም። ለእናቴ መንገድ ማለት ያ ጠመዝማዛ ነው። ባሕር ደግሞ ከዚያ ሊብስ እንጂ ሊሻል አይችልም ብላ ተዘጋጅታለች።

አልባሰም። እንደነዚህ ያሉ ትልልቅ መርከቦች ከውኃው በታች ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ብረት አላቸው፤ ማዕበሉ ሲያጋድላቸው ብረቱ ይመልሳቸዋል። ከፍሎሪዳ ከተነሣን ሁለት ሰዓት ሆኖን ሳለ «መቼ ነው የሚነሣው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጋረጃውን ገልጬ አሳየኋት። መሬት የለም። አማተበችና ሎሚውን ፈትታ ማሽተት ጀመረች፤ እስክታይ ድረስ ምንም አላላትም ነበር።

መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ረቡዕ ነው። መርከቡ የትም ወደብ የማይቆምበትን ቀን «የባሕር ቀን» ይሉታል። እኔ እንደ በዓል ቀን ነበር የገመትኩት፤ አገር ቤት በማርያም ዕለት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ተመልሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ እንደሚውለው ያለ። ተሳስቻለሁ። ከዋዜማው ማታ አልጋችን ላይ የተቀመጠው ወረቀት ቀኑን በየግማሽ ሰዓቱ ሸንሽኖታል፤ ቢንጎ፣ የዳንስ ትምህርት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ፎጣን በዝሆን ቅርጽ ማጠፍ፣ የጌጣጌጥ ሽያጭ። ወደብ ላይ ተዘግቶ የሚውለው ካዚኖም ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። ሥራውን ሊረሳ ገንዘቡን የከፈለ ሰው፣ ወረቀቱን ይዞ ሰዓቱን እያየ ከፎቅ ፎቅ ይሮጣል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ መዋኛው ወጣን። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ የያዟቸው ግን ፎጣዎች ናቸው። ሰዎቹ ሌሊት ተነሥተው ፎጣቸውን ጣል አድርገው ተመልሰው ተኝተዋል። እናቴ ፎጣውን አየች፣ ውኃውን አየች። «እኒህ ሁሉ ሰምጠው ነው?» አለችኝ።

ቡፌው በር ላይ አንድ ሠራተኛ እየዘፈነ የገባውን ሰው ሁሉ እጁን ያጸዳል። ወደዱም ጠሉም አይታለፍም፤ ሺዎች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚበሉበት መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ ቫይረስ አንዴ ከገባ ለማቆም ያስቸግራል። እናቴ ሠራተኛውን ስታይ ፊቷ በራ። ሁለት እጆቿን አቀርቅራ ዘረጋች፤ ውኃ እስኪፈስላት፣ ከሥር መታጠቢያ እስኪያዝላት። አንድ ጠብታ አልኮል ጠብ አለላት። ጠበቀች። አልተጨመረም። «ማስታጠቡንስ አውቀውታል፣ ውኃ ቸገራቸው እንጂ» አለች።

ረቡዕ ነውና ጾመኛ ናት፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። አስተናጋጁ ባዶውን ሰሃን አይቶ ታመመች እንዴ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። እኔ ዕንቁላሌን ስበላ ዓይኗን ወደ ባሕሩ አዞረችልኝ፤ ከተግሣጽ የባሰ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። የምንሄደው በ18 ኖት ነው፤ ወደ መንገዳችን ሲመነዘር በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አቀበት ላይ ያለ የድሮ አውቶቡስ ፍጥነት ማለት ነው። ከሥራችን ያለው ውኃ ጥልቀቱ 4,500 ሜትር ያህል ነው አለ። ለእናቴ ሜትር ምንም አይነግራትም። «ጮቄን ከሥሩ ነቅለሽ እዚህ ብታስገቢው፣ ጫፉ አይታይም» አልኳት። ዝም አለች። ጮቄ ቁመቱ ከባሕር ጠለል 4,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከደብረ ወርቅ ወደ ምዕራብ ስትመለከተው ያደገችው ተራራ ነው። ከዚሁ ባሕር ውስጥ በኬይማን ደሴቶችና በጃማይካ መካከል ያለው ገደል ደግሞ 7,600 ሜትር ያልፋል፤ ይህን ግን አልነገርኳትም፤ ሎሚው ሁለት ብቻ ቀርቷል።

ቆየት ብላ የጠየቀችው ሌላ ነው። «ይኼ ሁሉ ውኃ ጨው ነው?» «ነው» አልኳት። «እና ማንም አይወስደውም?» የአሞሌ ጨው በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረበት ዘመን በወላጆቿ ወሬ ደርሷታል፤ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ሀብት ነበር። እዚህ መርከቡ በተቃራኒው ጨውን ለመጣል ነው የሚደክመው፤ የባሕሩን ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን ያጠራቅማል፣ ወይም በኃይል በወንፊት ይገፋዋል፤ የምንጠጣውም የምንታጠበውም ከዚያው ነው። ጨው ወደ ባሕር ይደፋል ስላት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ምሳ ሰዓት ላይ ከጎን ባለው መተላለፊያ፣ ጥላ ያለበት አንድ አግዳሚ አገኘን። ከቦርሳዋ እንዝርቷንና ጥጧን አወጣች። ፍተሻው ላይ እንዴት እንዳለፈ እኔም አላውቅም። መፍተል ጀመረች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክረዋለች፣ ክሩ ከጣቷ ይረዝማል፣ ትጠቀልላለች፣ እንደገና። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ስድስት ሰው ቆመ። ስልክ ወጣ። አንዲት አሜሪካዊት ወረቀቷን አገላብጣ አገላብጣ አጣችና «ይህ የስንት ሰዓት ፕሮግራም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሦስት ሺህ ዘመን ነው ልላት ዳድቶኝ ነበር። እናቴ አልተሸማቀቀችም፤ ቀን ሙሉ ያለ ፕሮግራም ተቀምጣ የዋለች እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን እጇ አልቦዘነም።

አባቶቻችን በመርከብ የሄዱት ሊዝናኑ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተሳፍረው ጃፓን የገቡት ሳምንታት በባሕር ላይ ቆይተው ነው፤ ያዩትንም ተመልሰው ጽፈውታል። ወደብ በሌላት በዛሬይቱ ኢትዮጵያም፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ የሠለጠኑ ልጆች በውጭ አገር የጭነት መርከቦች ላይ መሐንዲስ ሆነው ይሠራሉ። እናቴ «ከዚህ ሁሉ ሠራተኛ የእኛ ልጅ የለም?» እያለች በየኮሪደሩ ፊት ስታጠና ዋለች። አላገኘንም።

በ9 ሰዓት ጾሟን ፈታች። ከዋዜማው ማታ ለዋናው አስተናጋጅ ነግሬው ስለነበር አንድ ሕንዳዊ ወጥ ሠሪ ምስር በዘይትና በቃሪያ አዘጋጅቶ ራሱ ይዞ ወጣ። ቀምሳ «በርበሬው ዘመድ ነው» አለች። ከምርቃቱ ውስጥ የተረጎምኩለት ሲሶውን ነው።

ያስጨነቃት ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ነው። ከኢንዶኔዥያ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ውሉ ስምንት ወር ነው፤ ጠዋትም ማታም ይመጣል፤ አልጋ ያነጥፋል፣ ፎጣ ይለውጣል፣ ማታ ደግሞ ፎጣውን ጦጣ አድርጎ ይሄዳል። በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ አስጠየቀችኝ። ሳቀ። ወደብ ስንቆም ጥቂት ሰዓት አገኛለሁ፤ ሙሉ ቀን ግን የለም አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይበቃል ይላል፤ ከ168ቱ ሰዓት 91ዱ ለቀጣሪው ይቀራል ማለት ነው።

«እሑድስ?»

«እሑድም ይሠራል፣ እማ።»

«ሰንበት የለውማ በለኛ!» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰንበት ለሰው ብቻ አይደለም፤ እሷ ባደገችበት አገር በሬም ከቀንበር ይፈታል። እኛ ሰባት ቀን ሙሉ ልንቦዝን የመጣን ሰዎች፣ ስንፍናችንን የሚሸከምልን ሰንበት የሌለው ሰው ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችው «ልጆቹን ያሳየው» ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ ቀድማኝ ተነሥታለች። ሁለቱንም አልጋ አንጥፋ፣ ፎጣውን አጥፋ፣ ምንጣፉ ላይ የወደቀውን ጥጥ ለቅማ ጨርሳለች። ልጁ በሩን አንኳክቶ ገባ፣ አየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ከዚያ አለቃው ስለሚቆጣጠረው ሁሉንም አፍርሶ እንደገና አነጠፈው።