ሦስት ተክልና ብዙ ኅብር

ስለ ጥንት ልብስ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሮጠው ወደ ነገሥታት ካባ ነው። የድኻ ልብስ ግን ወይ በገላ ላይ ያልቃል፤ ወይም ከጉድፍ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ከጉድፍ መካከል ስለ ተገኘ አንድ የሕፃን ካልሲ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ካልሲው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 እና በ1914 በተደረገ ቁፋሮ በግብፅ፣ በአባይ ዳር ከነበረችው ከአንቲኖፖሊስ ከተማ የጉድፍ መጣያ የወጣ ነው። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ዕድሜው 1700 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ የግራ እግር ካልሲ ነው። ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲስማማ የአውራ ጣቱ ቦታ ለብቻው ተከፍሏል፤ ዙሪያውንም ኅብራቸው የተለያየ መስመሮች ይዞሩታል።

የጥንት ማቅለሚያ ከምን እንደ ተገኘ ለማወቅ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከጨርቁ ጥቂት ክር ቆርጠው፣ ቀለሙን በአሲድ አውጥተው በመሣሪያ እየለዩ ይመረምሩታል። መልሱ የታመነ ነው፤ የተቆረጠው ክር ግን አይመለስም። ለትልቅ መጋረጃ ይህ ጉዳት ኢምንት ይሆናል፤ ለሕፃን ካልሲ ግን እያንዳንዱ ክር ብርቅ ነው። ለማወቅ ሲባል የሚታወቀውን ነገር ማጉደል ተገቢ ነውን?

በ2018 የሙዚየሙ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ጨርቁን ሳይነኩ የሚመረምሩበትን መንገድ አሳዩ። ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ጭምር እየተጠቀሙ ካልሲውን ፎቶግራፍ አነሡት። እያንዳንዱ ማቅለሚያ ብርሃንን የሚመልስበት ጠባይ የተለያየ ነውና ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ያ ሁሉ ኅብር የተገኘው ከሦስት ተክሎች ብቻ ነበር። ቀዩ ማደር ከሚባለው ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ዎድ ከሚባለው ቅጠል፣ ቢጫውም ዌልድ ከሚባለው ተክል ነው። ቢጫ ከሰማያዊ ጋር ሲደረብ አረንጓዴ፣ ቀይ ከሰማያዊ ጋር ሲደረብ ሐምራዊ እንደሚሆን ቀለም ነካሪው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የዚያን ባለሙያ ስም የጻፈልን የለም። ለአንድ ሕፃን እግር ይህን ያህል መጨነቁን ግን ክሩ ራሱ መሰከረለት።

ቆፋሪዎቹ ካልሲውን ባነሡበት ዘመን ይህን ጥያቄ የሚመልስ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ስለ ጠበቁት ከመቶ ዓመት በኋላ መልስ ተገኘ። እኛም በየሣጥናችን ያለውን የአያቶቻችንን ጥለትና መጋረጃ አርጅቷል ብለን ከመጣል፣ ለፀሐይም አስጥተን ቀለሙን ከማጥፋት እንቈጠብ። ዛሬ የማንጠይቀውን ነገ የሚጠይቅ ትውልድ ይነሣልና፤ ጨርቁ ከሌለ ግን ጥያቄውም አብሮ ይቀራል።