በርሜሉ ሌሊቱን ሙሉ 12 በመቶ ነበር

መቼም አምቦ ተቀምጦ «ውሃ አጣን» ማለት ያስቃል። አገር ምድሩ የከተማችንን ስም በጠርሙስ ይዞ ሲጎነጭ፣ እኛ ባለፈው ሳምንት ፊታችንን የታጠብነው በዚያው በጠርሙስ ውሃ ነው። (ጋዙ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አትጠይቁን!)

ነገሩ እንዲህ ነው። በተከራየንበት ግቢ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ነው። ነቅቶ መጠበቅ ሲሰለቸን ኮምፒውተር ያጠናች ጓደኛችን ቧንቧው ስር ባለው በርሜል ላይ የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ገጠመች። አርዱይኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር ወደ አሮጌው ላፕቶፓችን ትልካለች፤ በፓይተን የተጻፈው ፕሮግራም ያነብባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጮሃል፤ እኛ ተነስተን ጀሪካን እንሞላለን። እናም በሰላም ተኛን።

ጠዋት ስንነሳ በርሜሉ ሞልቶ ፈስሷል። ግቢው ጭቃ፣ የአከራያችን ማገዶ ርሷል፣ ጀሪካኖቹ ባዶ። ስክሪኑ ግን አሁንም «12 በመቶ» ይላል!

ለካ ሽቦ ላልቶ ሰሌዳዋ መላኳን አቁማለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ከሰሌዳዋ የሚያነብበው «ሪድላይን» በሚባል ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ አንድ ሙሉ መስመር እስኪመጣ ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። የጊዜ ገደብ፣ ማለትም «ታይምአውት» ካልሰጡት እስከ ዘላለም ይጠብቃል። አልተበላሸም፣ ስህተት አላወጣም። የጩኸቱ ትእዛዝ ከሱ በታች ስለተጻፈ ተራው ሳይደርሰው ነጋ።

አከራያችን ይህን ሁሉ ሰምተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ታዲያ ዝም ሲላችሁ ለምን ተኛችሁ?»

ጥያቄያቸው እኛን በጋዜጠኝነት የተመረቅነውን ነው የነካን። «ልናገኛቸው አልቻልንም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የሰነፍ ሪፖርተር ማምለጫ አድርገን እንቆጥራት ነበር። ለካ ታይምአውት ናት! ይህን ያህል ጠበቅን፣ መልስ አልመጣም፣ አለመምጣቱንም እወቁት ማለት ናት። በሰኔ 2012 የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ስልካችን ላይ የቀረው መጨረሻ የከፈትነው ገጽ ነበር። ገጹን ላየው ሰው ከዚያ በኋላ ምንም የተፈጠረ አይመስልም።

አሁን ጓደኛችን ገደቡን 2 ሰከንድ አድርጋዋለች። ማንበቡንም ለብቻው በሚሮጥ «ስሬድ» ላይ አዛውራዋለች፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ስክሪኑን ያድሳል። ይህ ብቻውን ግን አያድንም፤ የቆየ ቁጥር በየሰከንዱ ቢታደስም ያው የቆየ ነው። ስለዚህ ባዶ ሲመጣ 12ቱ ይጠፋና «መረጃ የለም፤ መጨረሻ የተነበበው ከሌሊቱ 6፡40» ብሎ ይጮሃል።

ትናንት ሌሊት ጮኸ። ስንወጣ ውሃ የለም፤ ሽቦው እንደገና ላልቷል። ተሳድበን፣ አጥብቀን ተመለስን። 9 ሰዓት ላይ ሲጮህ ግን ውሃው ነበር።