ካርታህን ሳታሳይ አትጣል

ቆሰበርን በሐምሌ የምታውቋት ከሆነ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ ጉሙ ይከተላል፣ መብራቱ ደግሞ ሁለቱን አይቶ ይሄዳል። ያኔ ለእኛ ለጎረምሶቹ የሚቀረን ሦስት ነገር ነበር፦ ጋቢ፣ ሻማ እና ካርታ። የተገለበጠ ሳጥን ዙሪያ ተኮልኩለን ኮንከር እንጫወታለን። ውርርዱ ሻይ ነው። ቀኑ ደህና ከዋለ ሻይ በፓስቲ።

በዚያ ሳጥን ላይ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። አንዱ «በላሁ!» ካለ በቃ፣ በላ ነው። «እስቲ አሳየኝ» የሚል አልነበረም። ጓደኛን «አሳየኝ» ማለት «ሌባ ነህ» ከማለት አይተናነስም ነበር። ስለዚህ «በላሁ» የሚለውን ቃል እንደሰማን ካርታችንን ገልብጠን ወደ ክምሩ እንወረውራለን፣ ሻዩም ይታዘዛል። አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው አልፎ አልፎ መጥተው ሲያዩን ይስቁብን ነበር። «እናንተ ልጆች፣ ካርታ የምትጫወቱት በጆሯችሁ ነው እንዴ?» ይሉናል። እኛም አብረናቸው እንስቃለን። የሳቅነው ሳይገባን እንደነበር ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከእኛ አንዱ አሜሪካ ገባ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ሐበሻ የበዛበት አገር። ቀን መኪና ማቆሚያ ይሠራል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ የጠረጴዛ ቁማር ፈቅዳለች፤ ስለዚህ ካዚኖ ለመሄድ እንደ ድሮው ሩቅ መንገድ መንዳት አያስፈልግም። እሱም ሄደ። «ፖከር ከኮንከር ምን ይለያል?» አለን በስልክ። እኛም፣ እግዜር ይይልን፣ «ምንም አይለይም፣ አንተ እኮ እዚህ ማንም የማያሸንፍህ ሰው ነበርክ!» አልነው።

አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። እዚያ ማታ፣ እዚህ ሊነጋጋ ነው። ድምፁ ልክ አልነበረም። እንዲህ ነበር የሆነው።

የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጣል፣ አምስት ካርታ ደግሞ መሐል ላይ ለሁሉም ይዘረጋል። ከሰባቱ የተሻለውን አምስት የሠራ ይበላል። የእኛ ሰው ዘጠኝና አሥር ይዟል። መሐል ላይ የልብ ስድስት፣ የልብ ስምንት፣ የልብ ሁለት፣ ጥቁር ሰባትና ጥቁር ኪንግ ወጥተዋል። ከስድስት እስከ አሥር ተከታታይ ሠርቷል ማለት ነው፤ ጥሩ እጅ ነው። ባላጋራው የመጨረሻውን ብር ገፋ፣ የእኛም ሰው አቻውን አስቀመጠ። መሐል የተከመረው 640 ዶላር ደረሰ።

አሁን ካርታ የሚገለጥበት ሰዓት ነው። ደንቡ የመጨረሻውን ብር የገፋው ሰው ቀድሞ ያሳይ ይላል። ባላጋራው ግን ካርታውን ሳይገልጥ «ፍላሽ!» አለ፤ አምስት ልብ አለኝ ማለቱ ነው። ፍላሽ ደግሞ ተከታታይን ይበላል። የእኛ ሰው የቆሰበር ልጅ አይደል? «በላሁ» ሲባል ሰማ። ካርታዎቹን ሳይገልጥ በፊታቸው እንደተደፉ ወደ ፊት ገፋቸው። ካርታ አዳዩዋ ጎትታ ከተጣሉት ክምር ጋር ቀላቀለቻቸው። ከዚያ በኋላ ባላጋራው ገለጠ፦ የልብ አራት እና... የዳይመንድ ኪንግ። ቀዩን ኪንግ ልብ ነው ብሎ ነበር ያየው። ልቦቹ አራት ብቻ ነበሩ። በእጁ ያለው ጥንድ ኪንግ፣ ከእሱም ሌላ ምንም።

«የእኔ እኮ ይበልጣል!» ብሎ ተነሣ። ኃላፊው ተጠራ። ሰውዬው ትሑት ነበር፣ ግን አጭር፦ «ጌታዬ፣ ካርታዎ የት አለ?» ካርታው የለም። 640 ዶላሩ ወደ ጥንድ ኪንግ ሄደ።

እኛ በዚያ ሌሊት ባላጋራውን ሰደብነው፣ ካዚኖውን ሰደብነው፣ አሜሪካንንም አልማርናትም። ሲነጋ ግን ደንቡን ፈልገን አነበብነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የፖከር ውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ያወጣው ደንብ አለ፤ ካዚኖዎችም ለየራሳቸው ጠረጴዛ የየራሳቸው የቤት ደንብ አላቸው፣ በዋናው ነገር ግን ብዙም አይለያዩም። ዋናው ነገርም ይህ ነው፦ የሚናገረው ካርታ ነው እንጂ አፍ አይደለም። አንድ ሰው «ፍላሽ» ብሎ ፍላሽ ባይኖረው ቃሉ ከምንም አይቆጠርም። በተቃራኒው ሁለቱንም ካርታህን ገልጠህ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥክ፣ አንተ ራስህ ያለህን በትክክል ባታነበው እንኳ አዳዩ ያነብልሃል፤ የተገለጠና አሸናፊነቱ ግልጽ የሆነ እጅ በስሕተት አይገደልብህም። ካርታህን መጠበቅ ግን ምንጊዜም ያንተ ሥራ ነው። አዳዩ ያልተጠበቀ ካርታ በስሕተት ቢጠርግ እንኳ አቤት የሚባልበት በር ጠባብ ነው። ለዚህ ነው የለመዱት ሰዎች ካርታቸው ላይ አንድ ገንዘብ ወይም ትንሽ ድንጋይ የሚጭኑት።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የሚያደርገው ቀላል ነው። የሚባለውን አይሰማም፣ የሚገለጠውን ያያል። ተራው ሲደርስ ሁለቱንም ካርታ ገልጦ ያስቀምጣል። አንዱን አሳይቶ አንዱን አይደብቅም፣ ለጎረቤቱም አያቀብልም። ገንዘቡ ወደ እሱ እስኪገፋ ድረስ ጣቱን ከካርታው ላይ አያነሣም። የሌላቸውን እጅ ሆን ብለው የሚጠሩም አሉ፤ ሌላው ደንግጦ እንዲጥል። ይህኛው ባላጋራ ተሳስቶ ይሁን አስልቶ እግዜር ይወቀው። ለ640 ዶላሩ ግን ልዩነት የለውም።

እኛን ያመመን ሌላ ነው። ያ ገንዘብ ባለቤት ነበረው። የእናቱ ቤት ጣራ ያፈሳል፤ ለቆርቆሮ ሊልክ ያስቀመጠው ነበር። «ባንክ ዘግይቶ ነው በሉልኝ» አለን። አልን። እኛ! ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ሄደን፣ ቡናቸውን ጠጥተን፣ ጣራው ሥር የተደረደሩትን ጣሳዎች እያየን ዋሸን። ያንን የመጣል ልማድ ያስተማርነውም እኛ ነን። በእኛ ሳጥን ላይ መተማመን ይባል የነበረው ነገር፣ የማያውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ የእናቱን ቆርቆሮ አስበላው።

ሁለት ሳምንት ቆይተን አልቻልንምና ሄደን እውነቱን ነገርናቸው። ዝም አሉ። ይቆጣሉ ስንል አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦

«ያኛው ሰውዬ ሳያሳየው ነው የሰጠው?»

«አዎ እማማ።»

ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን የመሬት ደብተራቸውን አወጡ። «ይኼን ማየት የፈለገ ሁሉ እዚሁ እጄ ላይ ሆኖ ያያል። ለወንድሜም አልሰጠሁ፣ ለዳኛም አልሰጠሁ። ልጄን ይኼን ሳላስተምረው ሄደ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለወጥ አለ። «ግን ቁማር ምን ይሠራለታል? የቆርቆሮ ገንዘብ ይዞ እዚያ የገባ ዕለት እኮ ነው የጣለው።»

እኛ ደንብ ስናገላብጥ የከረምነው ሰዎች አንገታችንን ደፋን። ካዚኖ ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ከየክምሩ ድርሻውን እየቆረጠ ነው፤ ማንም ቢበላ እሱ አይከስርም። ከሁሉ በፊት መጠበቅ የነበረበት ኪሱ ውስጥ ያለው እጅ ነበር።

ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ ካዚኖ አልረገጠም ብሎናል። እናምነዋለን... ካርታውን ባናይም። ቆርቆሮው ከክረምቱ በኋላ ተገዛ፤ ግማሹን እሱ ላከ፣ ግማሹን እኛ አዋጣን። የውሸታችን ዕዳ ብለን።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር እኛም እንደ ሁልጊዜው ከሕዝቡ ጋር ቆመን እናያለን። ፈረሰኛ ሁሉ ጎበዝ ነው፤ ጩኸት ሰምቶ ልጓሙን የሚለቅ ግን አላየንም።

እኛም አሁን ሐምሌ ሲገባ ሻማ አብርተን እንጫወታለን። ውርርዱ ያው ሻይ ነው። ሕጉ ግን ተቀይሯል፦ «በላሁ» ያለ ሁሉ ይገልጣል፣ የሌላውም ካርታ እስኪታይ ድረስ አይነካም። መጀመሪያ ትንሽ አሳፍሮን ነበር። አሁን ለምደነዋል፣ ጓደኝነታችንም እንዳለ ነው።