የቀዳነው ደርስ



ይህችን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ የአንድ ዶርም ልጆች ነን። ሁላችንም ወሎ ውስጥ በአንድ መድረሳ ነው የቀራነው፤ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ሸይኻችን ዘንድ። ግቢ ከገባን ወዲህ ደርሱ እንዳይቋረጥብን ሐሙስ ሐሙስ ከዒሻ በኋላ እንደውልላቸዋለን። እሳቸው ኪታቡን ይከፍታሉ፤ እኛ አልጋ ላይ ተደርድረን እናዳምጣለን።

ፈተና ሲደርስ የሚቀር እየበዛ ስለመጣ ደርሱን በኮምፒውተር ለመቅዳት አሰብን። መጀመሪያ ስልኩን ድምፁን ከፍተን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥነው፤ የኮሪደሩ ጫጫታ የሸይኻችንን ድምፅ ዋጠው። ቀጥለን ከስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ መግቢያ ገመድ ዘርግተን፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቀዳን። ጥዝዝ የሚል ድምፅ ሲያስቸግረን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልነው፤ ጠፋ። ክላስ የተማርነውም ያኔ ገባን። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ያንን በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ በላይ መለካት ስለሚያስፈልግ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ከሆነ የአንድ ሰዓት ደርስ 28.8 ሜጋባይት ይሆናል። ሙሉ ኪታብ በአንድ ፍላሽ! ደስታችን ልክ አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን አላደረግንም፤ ሸይኻችንን አላስፈቀድንም።

አንድ ሐሙስ ደርሱ አልቆ ዱዓ ከተደረገ በኋላ እንደ ወትሮው ስለ አገር ቤት ጠየቅናቸው። ስለ አንድ ጎረቤት ችግር አንስተው ዱዓ እንድናደርግለት በሚስጥር ነገሩን። የነገሩንን እዚህ አንደግመውም፤ አንዴ መበተኑ ይበቃል። ፕሮግራሙ አልቆመም ነበር። በማግስቱ እስከ መጨረሻው ሳንሰማው ፋይሉን በቴሌግራም ለደርስ ግሩፓችን ለቀቅነው። ማታ አንድ ወንድማችን ደውሎ «መጨረሻውን ሰምታችሁታል?» ሲለን ክው አልን። ወዲያው አጠፋነው፤ ያወረዱት ግን አውርደውታል። ከእነሱም ውስጥ የዚያው አገር ልጆች አሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። ሱረቱል ሑጁራት አያ 12 የሰውን ነውር መከታተል እንደሚከለክል ከልጅነታችን ቀርተነዋል። አንድ ሰው ነገር ነግሮን ዞር ብሎ ካየ ያ ነገር አማና እንደሚሆንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስልክ ላይ ያለ ሰው ግን ዞር ብሎ ቢያይ የኛን ላፕቶፕ አያየውም።

ለሸይኻችን ለመንገር ፈርተን ስልኩን ተቀባበልነው። ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «በእኔ በኩል አፉ ብያችኋለሁ፤ የሰውየውን ሐቅ ግን እኔ አፉ ልል አልችልም። እሱን ራሳችሁ ጠይቁት» አሉን። «እንደውልለት?» ብንል፣ «በስልክ ያጠፋችሁትን በስልክ አትጨርሱት፤ ኑ» አሉ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የምናንኳኳው የእሱን በር ነው፤ ኢንሻአላህ። ምን እንደሚለን አናውቅም።

ደርሱ አልቆመም። አሁን ሸይኻችን መቅዳቱን ፈቅደውልናል፤ ሳንጀምር እንነግራቸዋለን፣ ዱዓ ሲደረግ እናቆማለን፣ እስከ መጨረሻው ሳንሰማ ለማንም አንልክም። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ የሰው ድምፅ ካለ ባለቤቱ ያውቅ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ያንን ፋይል ያወረዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ለአላህ ብላችሁ አጥፉልን። ዱዓም አድርጉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።